እፎይ የሚል የጠፋበት ዓመት

በእኛ አገር ሸክም ያወረደ ሰው እፎይ አይልም። «እህ» ይላል፣ ወይም ዝም ብሎ ላቡን ይጠርጋል። እንግዳ መጥቶ ከረጢቱን ሲያወርድ ያቺ ቃል ካመለጠችው፣ የሰማ ሁሉ ዘወር ዘወር ብሎ ያያል፤ ደግ ሰው ካጋጠመውም በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ተው፣ ዘብ ይሰማሃል» ይለዋል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ምክንያቱን ላስረዳ። ዘቦቻችን የሚመጡት በጩኸት ነው፤ የሚሄዱት ግን በቃል ነው። አንድ ቦታ አደጋ ደርሶ «ድረስ!» ከተባለ ዘብ ሁሉ ሰማያዊ ኮቱን አጥልቆ ይሮጣል። የሚመለሰው «እፎይ በሉ» ሲባል ብቻ ነው። ይህን ለማለት የተሾመ ሰው አለ፤ አሳራፊ ይባላል። ሌላ ሰው በዘፈቀደ ቢለው ዘቡ አደጋውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ያለ ሹመቱ ቃሉን ያወጣ ከሥራው ይነሳል፣ ስሙም ከአገር መዝገብ ይፋቃል። ስሙ የተፋቀ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራውማ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ይህን ቃል ሰምቶ የሚታዘዘው እንደ እሱ ከለበሰ ሰው አፍ ሲወጣ ነው። ስለዚህ አሳራፊውም ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፣ ጦር ይይዛል፤ ሲያዩት ከዘብ አይለይም። ሕጉን ያወጡት አባቶች ብልሆች ነበሩ ይባላል። ብልህነታቸው ያመጣብንን መዘዝ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

ዘርጋው እባላለሁ። ሥራዬ አቀባይነት ነው። ከታች ሰፈር የሚነሳ ረጅም ገመድ በቋሚ እንጨቶች ላይ እየተንጠለጠለ መሃል ኬላ ይደርስና እዚያ ያበቃል። ከመሃል ኬላ ሌላ ገመድ ተነስቶ ኮረብታው ላይ ወዳለው ላይ ቤት ይወጣና ደወል ላይ ይታሰራል። በሁለቱ ገመዶች መካከል የምቆመው እኔ ነኝ። ከታች በጎተቱኝ ልክ ወደ ላይ እጎትታለሁ። አንድ ጊዜ ከሆነ ነጠላ ይባላል፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ላይ ቤት ሰምቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ከሆነ ድርብ ነው፤ የተጎዳ አለ ማለት ነው። ሳያቋርጥ ከመጣ እሳት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከነጠላ ያለፈ የመጣልኝ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ ትርንጎ የምትኖረው እዚያው ታች ሰፈር ነው። የሰው ሸማ አጥባ ነው የምትተዳደረው፤ ያጠበችውንም ገመዱ ላይ ታሰጣለች። እናታችንም እዚያው ታሰጣ ነበር። ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ እጄ ውስጥ ለስለስ ያለች አንዲት ነጠላ ትመጣለች፤ እህቴ ደህና አድራለች ማለት ነው። ወደ ላይ አንድ ጊዜ ጎትቼ ቁርሴን እበላለሁ።

ኬላው ውስጥ ከእኔ ጋር አራት ጠራጊዎች አሉ። አለቃቸው ጓንጉል ይባላል። አምስታችንም አንድ ዓይነት ቡኒ ሽርጥ እንታጠቃለን። የእነሱ ሥራ ከገመዱ የሚረግፈውን የቃጫ ጭረት መጥረግ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ይተኛሉ። ለዓመታት ስለ ጓንጉል የማውቀው ማንኮራፋቱን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አራት ሰዎች የወፍጮ ድንጋይ በቁልቁለቱ እያንከባለሉ ሲያወርዱ አመለጣቸው። ድንጋዩ ሦስት ቋሚ እንጨት ሰብሮ ገመዱን ከታች ሰፈር አፋፍ ላይ በጠሰው። ከመበጠሱ በፊት ትከሻዬን ሊነቅል የደረሰ ጉተታ መጣብኝ፤ እሳት ብዬ ወደ ላይ ጎተትኩ። ከዚያ ገመዱ እጄ ውስጥ ረገበ። እውነቱን ልናገር፣ ከጉተታው ይልቅ ያስፈራኝ መርገቡ ነበር። እህቴ አለች ወይስ የለችም የሚለኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ዘቦች ደረሱ። ሊነገር የሚገባው ይነገርና፣ በመጀመሪያው ወር ያለ እነሱ ታች ሰፈር አልቆለት ነበር። ስብርባሪውን አነሱ፣ የበሰበሰውን ጭረት እየለዩ አስወገዱ፣ ለገመድ ሠሪዎቹ መንገድ ጠረጉ፣ ሌባ እንዳይገባ አፋፉን ከበቡ። በአርባኛው ቀን ገመዱ በአንድ ትልቅ ቋጠሮ ተቀጠለ። ልስልሷ ነጠላ እንደገና ስትመጣ ጓንጉል እያየኝ አለቀስኩ።

ዘቦቹ ማረፍ የነበረባቸው ያን ጊዜ ነው። አሳራፊው አያ ደምለው ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ቃሉን ሊሉ ያን ዕለት ጠዋት ታች ሰፈር ወርደዋል። ላይ ቤት ደግሞ በዚያው ቀን ሌላ ነገር አሰበ። ዘቡ በዛ፣ ሰፈሩ ተጨናነቀ የሚል አቤቱታ ሰምቶ «ሰማያዊ ኮት ለባሽ ሁሉ ከታች ሰፈር ይነሳ» የሚል ትእዛዝ ከጋሪ ጋር ላከ። የጋሪው ጸሐፊ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ «ከእናንተ መካከል ዘብ የሆነ እጁን ያውጣ!» አለ።

ተረኛ ዘብ ጦሩን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ጦሩን ጥሎ እጅ ማውጣት በእነሱ ዘንድ መሸሽ ነው። ስለዚህ ማንም አላወጣም። ጦራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጉሮሯቸውን የሚጠራርጉት አያ ደምለው ብቻ እጃቸውን አወጡ። ጸሐፊው ኮታቸውን አየ፣ ጋሪው ላይ ጫናቸው፣ መዝገቡ ላይም «ታች ሰፈር ከዘብ ጸድቷል» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በደንቡ መሠረት ነው። በመዝገብ ዘብ ስለሌለ ቀለብ አልተላከም፤ ዘቦቹ ከነዋሪው መሶብ በሉ። ዘብ ስለሌለ ሌላ አሳራፊ አልተሾመም፤ ማንን ሊያሳርፍ! ዘቦቹ ደግሞ ቃል ስላልመጣላቸው ጠላት አለ ብለው ደመደሙ፤ ጠላቱን ስላላዩትም በጣም ብልጥ ጠላት ነው አሉ። ገመዱ ላይ ተደግፈው ዋሉ። ገመዱ ነቅቶ እንዲቆይ ብለው በጥፍራቸው ቋጠሮውን እየፈተፈቱ ጭረቱን ነቀሉ። ድንቢጥ ባረፈች ቁጥር «ድረስ!» ተባለ፤ በዚያ ጩኸት ደግሞ ሌሎች ዘቦች ከሌላ ሰፈር መጡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆኑ።

ይህ ሁሉ በገመዱ በኩል እጄ ይገባ ነበር። አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልናገር። ገመዱ ሳያርፍ በተንቀጠቀጠ በሃያኛው ቀን ጓንጉል ማንኮራፋቱን አቆመ። ተነሳ፣ መጥረጊያውን ጥግ አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ከኋላዬ ሆኖ የላይኛውን ገመድ ያዘ። ሦስቱም ተከተሉት።

«ምን ልትሆኑ ነው?» አልኩት።

«ልናግዝህ ነው። ደከመህ።»

«አልደከመኝም።»

«ከባድ ነገር እየመጣ ነው፣ ዘርጋው። ይታወቀኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ አንድ ስጎትት አምስት ሰው ይጎትት ነበር። ከታች ነጠላ ይመጣል፣ ወደ ላይ እሳት ይሄዳል። ልከለክላቸው ይገባኝ ነበር፤ አልከለከልኳቸውም። ላይ ቤት «ትጉህ አቀባይ» የሚል ጽሑፍ የተጠለፈበት ነጭ ሻሽ ልኮልኝ ነበርና ሻሹን ጠምጥሜ ዝም አልኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ረፋድ ልስልሷ ነጠላ መጣች። አወቅኋት፤ እህቴ ናት፣ ሸማ አሰጣች። እጄን ሳንቀሳቅስ ጓንጉልና ጓደኞቹ ከኋላዬ ተወራጩ፤ ላይ ቤት ደወሉ እንደ እብድ ጮኸ። እሳት አጥፊዎች በሩጫ ወረዱ። የሚነድ ነገር ቢያጡ የእህቴን ጣሪያ ገልብጠው ቤቷን በውኃ ሞሉት፤ ወለሉንም ቆፈሩ፣ እሳቱ ከሥር ይሆናል ብለው።

በማግስቱ ወረድኩ። ደጃፏ ላይ እርጥብ ፍራሽ ይዛ ቆማለች።

«አንተ ነህ አይደል የጎተትከው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንድ ነጠላ ነው ያሰጣሁት። አንድ! አንተ ስንት አደረግኸው?»

የተገለበጠውን ጣሪያ ቀና ብዬ አየሁ።

«ምንም አልነደደም ብዬ ምዬ ተገዘትኩላቸው። ያልነደደበት ሰው እንዲህ አይምልም አሉኝ። ያን ሻሽ ከራስህ ላይ አውርድልኝ፣ ዘርጌ፤ ሳየው ያመኛል።»

አወረድኩት። እሷም ነጥቃኝ ወለሉን ጠረገችበት።

ወደ ቋጠሮው ሄጄ የዘቦቹን አለቃ በሪሁንን አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጦሩን የያዘበት እጅ ቆስሏል። «ገመዱ ተጠግኖ የለ? ለምን አትሄዱም?» አልኩት።

«ቃል አልመጣም» አለኝ። «ቃል ካልመጣ ጠላት አለ። አንተ አቀባይ ነህ፣ ሥራህን ሥራ።» ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ለሰባት ወር ቁጭ አላለም።

ላይ ቤት በበኩሉ መድኃኒት ፈለገ። በመጀመሪያ የደወሉን ምላስ በአንድ እፍኝ ባዘቶ ጠቀለሉት። ለሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ አንድ እፍኝ አልበቃ አለ፤ ሁለት አደረጉት፣ ቀጥሎ ደወሉን እስከ አፉ ጠቀጠቁት፤ የሌሎቹን ሰፈሮች ደወሎችም እንዲሁ። የምሥራቁ ሰፈር ጎተራ በእውነት የነደደው ያን ጊዜ ነው፤ ማንም አልሰማም። ባዘቶውን ጥቂት ቀንሰው ሲያዩት ደወሉ ከበፊቱ አብልጦ የጮኸ መሰላቸው።

ቀጥሎ መርማሪዎች ላኩ። መርማሪዎቹ ገመዱን በክንድ ለኩ፣ ቋሚ እንጨቶቹን አንኳኩ፣ «ጤነኛ ነው» ብለው ጻፉ። ሰማያዊ ኮት የለበሱ ሰዎች ቆመው አይተዋል፤ ነገር ግን በመዝገቡ ዘብ ስለሌለ «ሰማያዊ የሚወዱ ነዋሪዎች» ብለው መዘገቧቸው። መደምደሚያቸው አጭር ነበር፤ ገመዱ ደህና ከሆነ የታች ሰፈር ሰው ሆነ ብሎ ነው የሚጎትተው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ላይ ቤት ግን አመነ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ነገሩ፣ ፍርዱ በሰፈሩ ላይ ወረደ።

ፍርዱ እንዲህ ይላል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ የደወሉ ሹም ራሱ መሃል ኬላ ወርዶ ገመዱን ያዳምጣል። ያለ እሳት እሳት ከመጣ፣ ወይም ገመዱ ዝም ካለ፣ ገመዱ ይቆረጣል፤ ኬላው አጠገብ ያለው ድልድይ ይፈርሳል፤ ወደ ታች የሚወርደው የውኃ ቦይ ይደፈናል። ነዋሪው ባለበት ይቀራል።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ተደርጎ ያውቃል። በአባቴ ጊዜ የምዕራቡ ሰፈር ከነገመዱ ተቆርጧል። ሠላሳ ዓመት ሆነው። የምዕራቡ ደወል የሚጎትተው ሳይኖር ዛሬም ይደውላል፤ ላይ ቤት በደወለ ቁጥር «ምንም የለም» የሚል ሰው ቀጥሮለታል። ይህን ለሹሙ ደብዳቤ ጽፌ አስታወስኩት። «ለምዕራቡ ደወል የተመደበ ሰው ስላለ ስጋት አይግባህ» የሚል መልስ መጣልኝ።

የቀረኝ አያ ደምለው ነበሩ። በገበያው ዋዜማ ሥራዬን ለጓንጉል ትቼ ወደ ኮት ግምጃ ቤት ሄድኩ፤ የተነሱ ዘቦች የሚቀመጡት እዚያ ነው። በር ላይ አንዲት ወፍራም ጠባቂ ቅል ትጠርባለች። አያ ደምለው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አሮጌ ኮት ያጥፋሉ።

«አያ፣ ያን ዕለት ለምን እጅዎን አወጡ?» አልኳቸው። ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«ተጠየቅኋ፣ ልጄ።»

«አሳራፊ ነኝ አይሉም ነበር?»

«አሳራፊማ ዘብ ነው። እንደነሱ ለብሼ፣ እንደነሱ ቆሜ፣ እንደነሱ ፈርቼ ካላወቅሁ ማን ይሰማኛል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጆቹ እስካሁን አላረፉም?»

«አላረፉም።»

ያጠፉትን ኮት ጣሉት። «ሰባት ወር!» ብለው ብድግ አሉ።

ወደ በሩ ስንደርስ ጠባቂዋ ቅሏን አስቀመጠች። «ዘብ እንዳይወጣ የሚል ትእዛዝ አለኝ» አለች።

አያ ደምለው ትንሽ አሰቡ። ኮታቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ፣ በእጀ ጠባብ ቀሩ። ጠባቂዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ስለ ሽማግሌ የታዘዝኩት የለም» አለች። «አንተ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የሚታጠብ ልብስ ነው። እህቴ አጣቢ ናት።»

«እንዳታስለቅቅብህ፣ ሰማያዊ ቀለም ይለቃል» ብላ አሳለፈችን።

ሽማግሌው እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ታች ሰፈር የደረስነው በማግስቱ ማለዳ ነው። በሪሁን ከሩቅ አይቶን ጦሩን ቀሰረ። «ቁም! ማነህ?» ሃያ ሠላሳ ጦር አብሮት ዞረ። አያ ደምለው ሳይቸኩሉ ኮታቸውን ከእጄ ተቀብለው ለበሱ፤ ቁልፉን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ። የበሪሁን ጦር ከደረቴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሽማግሌው ጦሩን አልፈው ሄደው አጠገቡ ቆሙ፣ ፊታቸውንም እሱ ወደሚያይበት አዞሩ።

ቃሉን ወዲያው ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። ከዘቦቹ ጋር አብረው ጠበቁ። ፀሐይዋ አንድ ክንድ ከፍ እስክትል ድረስ ቆሙ። እኔ እኩለ ቀንን እያሰብኩ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝ።

«በሪሁን» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋዩ የት ነው?»

«ተነስቷል፣ አያ።»

«ስብርባሪውስ?»

«አውጥተነዋል።»

«ገመዱስ?»

በሪሁን ቋጠሮውን ዳሰሰ። «ተቀጥሏል።»

«ማን ሠራው ይህን ሁሉ?»

«እኛ።»

«በርቱ። ግሩም ሥራ ነው።» አያ ደምለው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «እንግዲህ እፎይ በሉ።»

የመጀመሪያው ጦር ሲወድቅ ሁሉም ደነገጡ። ከዚያ አንዱ ተቀመጠ፣ ሌላው ተቀመጠ። አንድ ጎልማሳ ኮቱን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። በሪሁን ግን ከጥቂቶች ጋር ቀረ፤ በጥፍራቸው የነቀሉትን ጭረት አንድ በአንድ መልሰው ይፈትሉ ጀመር።

ወደ እህቴ ሮጥኩ። «እትዬ፣ ዛሬ ገመዱን እንዳትነኪው! እለምንሻለሁ!»

እጇ በአረፋ እንደ ተሸፈነ ቀና አለች። «ዝም ካለስ? ሞቷል ብለው አይቆርጡትም?»

ሽቅብ ፀሐይዋን አየሁ።

«እኔ እንደ ሁልጊዜው አሰጣለሁ» አለች። «አንተም እንደ ሁልጊዜው ጎትት። ሌላ ነገር አልለምንህም።»

ቁልቁል የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነውን አቀበት በሩጫ ወጣሁት። ኬላው ስደርስ ሹሙ ቀድሞኛል። ወርቅማ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ ዓይኑ ሥር ሁለት ጥቁር ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ በቁሙ ይንገዋለላል። ከኋላው እንደ እሱ ሰማያዊ የለበሱ ስድስት ዘቦች መጥረቢያ ይዘዋል። ሁለቱ ድልድዩ ላይ፣ ሁለቱ ቦዩ ላይ፣ ሁለቱ ገመዱ ላይ ቆሙ። አራቱ ጠራጊዎች የላይኛውን ገመድ ጨብጠዋል።

«ቦታህን ያዝ» አለኝ ሹሙ። ቦታዬን ያዝኩ። የጓንጉል ትንፋሽ ማጅራቴን ያቃጥለኛል።

«ጓንጉል፣ ልቀቁ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አንለቅም። ከባድ ነገር እየመጣ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ታች የተባለው ቃል እዚህ አልደረሰም። አያ ደምለው ቢመጡም እንኳ ጠራጊ ሰማያዊ ኮት አይሰማም። ኬላው ውስጥ ቡኒ ሽርጥ የታጠቀ ከእነሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ። ያ ሰው ቃሉን ካወጣ ሥራው ይቀራል፣ ስሙ ይፋቃል፤ የሚፍቀውም ሹም ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል።

ከድልድዩ በኩል «እኩለ ቀን!» ተባለ። ባለመጥረቢያዎቹ መዳፋቸውን እፍ እፍ አሉበት።

መጣች። ከወፍጮ ድንጋዩ በፊት እንደነበረችው ለስላሳ፣ ትንሽ እርጥበት የከበዳት፣ አንዲት ነጠላ። እህቴ ቆማ ሸማውን ስታቃና ታየኝ። ከኋላዬ ስምንት እጅ ገመዱ ላይ ሲጠብቅ ሰማሁ።

ዘወር ብዬ ጓንጉልን ዓይን ዓይኑን አየሁት። «ገመዱ ተቀጥሏል፣ ጓንጉል። አያችሁት፣ ጠበቃችሁት፣ አገዛችሁኝ። አሁን እፎይ በሉ» አልኩ ጮክ ብዬ።

የሹሙ አፍ ተከፈተ። ጓንጉል እጁን አየ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከገመዱ ላይ አላቀቀ። ሦስቱም ለቀቁ። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ጎተትኩ።

ኮረብታው ላይ ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ሁላችንም አንጋጠን ጠበቅን። አልደገመም። ነፋስ አለፈ፣ ቦዩ ሲፈስ ተሰማ፤ ደወሉ ግን ዝም እንዳለ ነው። ሹሙ ትንሽ ቆይቶ የጠራጊዎቹ አግዳሚ ላይ ዘጭ አለ፤ ከሆዱ ውስጥ የሰባት ወር አየር ወጣ።

«እፎይ!» አለ።

ስድስቱ ባለመጥረቢያዎች ተያዩ። መጥረቢያቸውን ግድግዳው ሥር አስቀመጡ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ተሰናብተውን መንገድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው?» አለ ሹሙ።

«አሳረፉን እኮ፣ ጌታዬ» አለ አንዱ ሳይቆም። «እግዜር ይስጥልን።»

ሹሙና እኔ ብቻችንን ቀረን፤ ጠራጊዎቹን አልቆጥርም፣ መሬት ላይ ጋደም ብለው ነበር። መጥረቢያዎቹን ተራ በተራ አየ። አንዱን አንስቶ ከበደውና መልሶ አስቀመጠው።

«አንተ ያልከውን ሰምቻለሁ» አለኝ።

«እኔም የእርስዎን ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ» አልኩት።

ከዚያ መዝገቡን አወጣ። «ከታች የመጣው ምን ነበር?»

«ነጠላ ነው።»

«ነጠላ» ብሎ ጻፈ፣ ፈርሞበትም ኮረብታውን ብቻውን ወጣ።

ይኸው እስካሁን አቀባይ ነኝ። አያ ደምለው በመዝገቡ መሠረት ዘብ በሌለበት ታች ሰፈር ይኖራሉ፣ እህቴ ኮታቸውን ታጥብላቸዋለች፤ እውነትም ይለቃል። ላይ ቤት ባዘቶውን ከደወሉ ውስጥ በየሳምንቱ እፍኝ እፍኝ እያለ ያወጣል። የምዕራቡ ደወል እንደ ድሮው ይደውላል፤ «ምንም የለም» ባዩ ሰውዬ አርጅቶ ልጁ ተተክቷል።

ቋጠሮው ግን ቋጠሮ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ ማንም ሳይነካው እጄን ጎተት ያደርገኛል። ያን ጊዜ የጓንጉል ማንኮራፋት ይቆማል፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፣ እጁን ወደ ገመዱ መዘርጋት ይጀምራል።

«ነጠላ ነው፣ ተኛ» እለዋለሁ።

ትንሽ ያየኝና መልሶ ያንኮራፋል።